ሰባተኛው ገጽ ላይ ያለን ሰዎች

ከሚሴ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2003 ዓ.ም.

ሔለንዬ፣ ነጋ ጅርታ?

የአማርኛ አስተማሪ ሆኜ ደብዳቤ በኦሮምኛ ሰላምታ ስጀምር ተማሪዎቼ ቢያዩኝ ይስቁብኛል። ግን አንቺን ሳስብ ቀድሞ አፌ ላይ የሚመጣው እሱ ነው። ስምንት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ ስንቀመጥ በየጠዋቱ ስልሽ የኖርኩት ነዋ! እትዬ አመልማል ደህና ናቸው? ጋሽ አምባዬስ ስኳሩ ተሻላቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናቴ ጉልበቷን ከማመሙ በቀር ዛሬም በረንዳው ላይ ተቀምጣ ሰሌኗን ትሠራለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤት ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን።

ሁለት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ የቸገረኝ ዕለት ብዕር ማንሣቴ አሳፍሮኛል፤ አውፍ በዪኝ። ባለፈው ሳምንት ስደውል "ማኅበራችሁ ግን ምን ይሠራል?" ብለሽኝ ልመልስ ስል መስመሩ ተቆረጠ። መልሱ ይኸው። ልጃቸው ወይም እኅት ወንድማቸው ወደ ዐረብ አገር ሄዶ ድምፁ የጠፋባቸው የከሚሴ፣ የጨፋ ሮቢትና የሰንበቴ ቤተሰቦች ነን። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። በመዝገባችን ስልሳ ሦስት ስም አለ። ባለፈው ዓመት አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ድረ ገጽ ከፈተልን። የጠፋው ሰው ወይም እሱን የሚያውቅ ሰው ካለበት አገር ሆኖ ያየናል ብለን ነበር። ያየን ግን የለም። እናቶቹ በየሳምንቱ ይመጡና "ዛሬስ አገኘው?" ይሉኛል። "ማን?" ስላቸው "ኮምፒዩተሩ" ይላሉ። ምን ልበላቸው?

ክረምት ላይ አንድ ከከተማ ከተማ የሚዞር ሰው መጥቶ "በአንድ ሳምንት ጎግል ላይ አንደኛ አደርጋችኋለሁ" አለን፤ አመንነው። ያኔ ሦስተኛው ገጽ ላይ እንገኝ ነበር። እሱ ከነካካው ወዲህ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ "ከሚሴ የጠፋ ሰው" ብዬ ስጽፍ የምንመጣው ሰባተኛው ገጽ ላይ ነው። ሰባተኛ ገጽ ድረስ የሚዘልቅ ማን አለ? ድርጅቱም እስከ ሰኔ መጨረሻ ጎብኚ ካልተገኘ ድረ ገጹን እንደሚዘጋው ጽፎልናል።

አንቺ የምትሠሪው ድረ ገጾችን ጎግል ላይ ወደ ፊት ማምጣት እንደሆነ አውቃለሁ። ጊዜሽን ልሻማሽ ነው። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የአውቶቡስ ሹፌሩ ቃሲም ነው፤ መልሱንም ለእሱ ስጪው። የእኛ ኢንተርኔት በቀን ሦስቴ ይጠፋል፤ ስልክ ሳወራ ደግሞ እናቴ አጠገቤ ናት።

የዴስክ ጓደኛሽ ዓዲላ ሙሄ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 11 ቀን 2003 ዓ.ም.

ዓዲላዬ፣

ነጋ፣ ነጋ! ዘግይቼም ቢሆን እንኳን ለአረፋ አደረሳችሁ። እናቴ ደብዳቤሽን ከእጄ ነጥቃ ሁለት ጊዜ አነበበችው። "እትዬ መሪማ ጉልበታቸውን በጨው ውኃ ይያዙት" ብላለች።

ስለ ጊዜዬ ይቅርታ ስትጠይቂኝ ሁለተኛ እንዳልሰማ። ይቅርታ ጠያቂ መሆን ያለብኝ እኔ ነኝ። አንቺ ዝም ያልሽው ሁለት ዓመት ነው፤ እኔ ግን ከሚሴን ከለቀቅኩ ጀምሮ እንደሚገባ ጽፌልሽ አላውቅም። ምክንያቱን አንድ ቀን እነግርሻለሁ።

ድረ ገጻችሁን ሦስት ቀን መረመርኩት። ያ ሰውዬ ምን እንዳደረገ ልንገርሽ። "የጠፋ ሰው፣ የጠፋ ሰው" የሚለውን በነጭ መደብ ላይ በነጭ ቀለም አራት መቶ ጊዜ ጽፎታል። ለሰው ዓይን አይታይም፤ ጎግል ግን ያየዋል፣ እንደ ማጭበርበርም ይቆጥረዋል። ወደ ኋላ የወረዳችሁት ለዚህ ነው። አጥፍቼዋለሁ፤ እስኪረሳልን ግን ጊዜ ይወስዳል።

ከዚያ በፊትም ቢሆን ችግር ነበር። ስልሳ ሦስቱ ስሞች የተቀመጡት መዝገቡ ፎቶ ተነሥቶ ነው፤ ጎግል ደግሞ በፎቶ ውስጥ ያለ ጽሑፍ አያነብም። ሁሉም ገጽ ርእሱ "መነሻ ገጽ" ነው። ሰው የሚፈልገው ግን "መነሻ ገጽ" ብሎ አይደለም። የከተማችንም ስም አለ። በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ በአንድ "ኤስ" ሌላው በሁለት ይጽፋታል፤ በኦሮምኛ ሲጻፍ ደግሞ መጨረሻዋ ሌላ ነው። ሦስቱም ያስፈልጉናል።

የአንቺ ሥራ ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ጻፊልኝ። ስምና ዕድሜ ብቻ አይበቃም፤ ቤተሰቡ በሚያወራበት ቋንቋ፣ ሰፈሩን፣ ቅጽል ስሙን፣ የሚያውቁት ሰዎች የሚያስታውሱትን ሁሉ። በእጅሽ ጻፊና በቃሲም ላኪው፤ እኔ እተይበዋለሁ። ሌሎች ድረ ገጾችም አንባቢን ወደ እኛ የሚያሻግር ሊንክ እንዲያደርጉ ከዚህ እለምናለሁ፤ የወሎ ተማሪዎች ማኅበር አንድ ገጽ አለው፣ ከእሱ እጀምራለሁ።

ሔለን


ከሚሴ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2003 ዓ.ም.

ሔለንዬ፣

ከዚህ ጋር አሥራ ዘጠኝ ገጽ ልኬልሻለሁ። ጽሑፌ ከተጠማዘዘ የአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጬ የጻፍኩት ስለሆነ ነው። ለካ አስተማሪ ሆኜ መጠየቅ አልችልም ነበር! መጀመሪያ ጨፋ ሮቢት ሳቢራ የምትባል ሴት ቤት ሄድኩ፤ ልጇ ዓፊያ ቤይሩት ከሄደች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ድምፅዋ ከጠፋ ደግሞ አራት። ስም፣ ዕድሜ፣ የሄደችበትን ቀን ጻፍኩና "ሌላስ?" አልኳት።

"ሌላ ምን አለ? ልጄ ናት።"

"ከሌላ ዓፊያ በምን ትለያለች?"

ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። ከዚያ "ስትስቅ አፏን በነጠላ ትሸፍናለች፤ የፊት ጥርሷ ስለተሸረፈ። ቀይዋን ላም 'ሙሽሪት' ብላ ያወጣችላት እሷ ናት። ሙሽሪት ዛሬም አለች፤ ስድስት ወልዳለች" አለችኝ። ይህን ስትነግረኝ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ደግሞ አለቀሰች። ሁሉንም ጻፍኩት። ላም ጎግል ላይ ይጠቅማል?

ሰንበቴም በገበያው ቀን ሄድኩ። ከቆላ ግመልና ፍየል ይዘው የመጡ አፋሮች መሀል ቆሜ ስንቱን ሰማሁ መሰለሽ። ልጆቹን መንገድ የመሩ ሰዎች ጭምር ስም ያስታውሳሉ።

በስልክ መልእክት "የጀባር ስም መዝገቡ ላይ ለምን የለም?" ብለሽ ለጠየቅሽኝ፦ እናቴ ስለከለከለችኝ ነው። አብዱልጀባር ወንድሜ ከሄደ ይኸው አሥራ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በወደቀ ጊዜ አባቴ በሰው ፊት የተናገረውን ታስታውሻለሽ፤ በሦስተኛው ቀን አልጋው ባዶ ነበር። የሌላውን ሰው ልጅ እመዘግባለሁ፤ የራሴን ወንድም ልጽፍ ስል እናቴ "ልጄ አልጠፋም፤ ከጠፉት ጋር አትደምሪው" ትለኛለች። እኔም አልተከራከርኳትም። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም እጄ አይታዘዝልኝም።

እሱን እንዳትጠይቂኝ፤ ሌላውን ሁሉ ጠይቂኝ።

ዓዲላ


አዲስ አበባ፣ ጥር 21 ቀን 2003 ዓ.ም.

ዓዲላዬ፣

ላሟ ትጠቅማለች! ከሙሽሪት የበለጠ የሚጠቅም ምን አለ? ሰው ወደ ገጹ ገብቶ ሲቆይና ሲያነብ ጎግልም ይህ ቦታ ረብ አለው ይላል። የዓፊያን ገጽ ያየ ሰው በአማካይ አራት ደቂቃ ይቆያል። ድሮ መነሻ ገጻችሁ ላይ ስምንት ሰከንድ ነበር።

አሁን "ከሚሴ የጠፋ ሰው" ብለሽ ስትፈልጊ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነን። አርባ አንድ ገጽ ወጥቷል። የተማሪዎቹ ማኅበር ሊንክ አድርጎልናል፤ አንድ የሬዲዮ ፕሮግራም ያለው ሰውም በድረ ገጹ ላይ ስለ እናንተ ጽፏል። ባለፈው ወር ሁለት መቶ ስምንት ሰው ጎብኝቷችኋል። ይህን ለእናቶቹ ንገሪያቸው። አገኘው ማለት እንዳልሆነ ግን አስረጂያቸው፣ እንዳይከፋቸው።

ሰዎች ምን ቃል ጽፈው ወደ እኛ እንደመጡና ከየት አገር እንደሆኑ የሚያሳይ መቁጠሪያም አስገብቻለሁ። ብዙዎቹ "ቤይሩት የከሚሴ ልጆች"፣ "ሰንበቴ ቤተሰብ ፍለጋ" የሚሉ ናቸው። አንድ ሌላም አለ። እሱን ሳጣራ እጽፍልሻለሁ።

ደብዳቤው ያጠረው ሥራ በዝቶብኝ ነው። እትዬ መሪማን ሳሚልኝ።

ሔለን


ከሚሴ፣ የካቲት 17 ቀን 2003 ዓ.ም.

ሔለንዬ፣ የኔ እናት፣

 ዓፊያ ደወለች! የሳቢራ ልጅ! የመውሊድ ማግስት ነው። ቤይሩት አብራት የምትሠራ የሐርቡ ልጅ ስለ ሰፈሯ ስትፈልግ ገጹን አገኘችውና "ሙሽሪት የምትባል ላም ታውቂያለሽ?" ብላ ጠየቀቻት። አሠሪዋ ስልኳን ቀምታት፣ ቁጥሮቹ ሁሉ ጠፍተውባት ነው ለካ አራት ዓመት ዝም ያለችው። ሳቢራ ከጨፋ ሮቢት በእግሯ መጥታ ቢሮአችን በር ላይ ተቀመጠች፤ ወንበር ስሰጣት "እዚሁ ይሻለኛል" አለችኝ። የማኅበሩ ሰው ሁሉ ዱዓ አድርጎልሻል። እስላም የሆነውም ክርስቲያኑም። ሀዲጃ፣ ያቺ ሁለት ልጆች የጠፉባት፣ "ያቺ አዲስ አበባ ያለችው ልጅ ምን ትወዳለች?" ብላ ጠይቃኝ የማሽላ እሸት ልትልክልሽ ስትል ወቅቱ እንዳልሆነ አስታወስናት።

ግን ምን ሆነሻል? ያለፈው ደብዳቤሽ የአንቺ አይመስልም። በስልክም ስናወራ ቶሎ ትሰናበቺኛለሽ። "አንድ ሌላም አለ" ብለሽ ጽፈሽ ነበር፤ ስጠይቅሽ ወሬ ትቀይሪያለሽ። ታመሻል? የሥራ ችግር ነው? አብሽሪ፤ ምንም ይሁን ንገሪኝ። እኔ የአንቺን ክፉ ዜና የማልችል ሰው ነኝ?

ዓዲላ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 19 ቀን 2003 ዓ.ም.

ዓዲላ፣

አልታመምኩም። ይህን ደብዳቤ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

በመቁጠሪያው ላይ ያየሁት ይህ ነው። ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ በየዓርቡ አንድ ሰው ከሳውዲ ዐረቢያ፣ ጂዛን ከምትባል ከተማ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል "መሪማ ሰሌን ከሚሴ" ብሎ ይፈልጋል። የከሚሴ ስም ስላለን ወደ እኛ ይመጣል። መዝገቡን ከላይ እስከ ታች ያየዋል፤ የሚፈልገውን ያጣል፤ ይወጣል። እስካሁን አሥራ ሦስት ዓርብ።

እናትሽ በወረቀት መሪማ ይመር ናቸው። "መሪማ ሰሌን" የሚላቸው የሰፈራችን ሰው ብቻ ነው፤ ሌላ መሪማ ስለነበረች፣ እሳቸው ደግሞ ሰሌን ስለሚሠሩ። ይህን ስም ይዞ ከአገር የወጣ ሰው ማን ነው? እርግጠኛ አይደለሁም። ልብሽን ሰቅዬ ብሳሳትስ ብዬ ሁለት ወር ዝም አልኩ። ያንን ብቻ ፈርቼ ግን አይደለም።

ጀባር የሄደ ዕለት ጠዋት አግኝቼዋለሁ። ከቤታችን ጀርባ ባለው መንገድ ጫማውን በእጁ ይዞ ሲያልፍ ውኃ ልቀዳ ወጥቼ ተገጣጠምን።

"ወዴት ነው?" አልኩት።

"ሰንበቴ። ገበያው ሲበተን ከከብት ነጂዎቹ ጋር ወደ ቆላ እወርዳለሁ፤ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከዚያ ባሕሩን እሻገራለሁ።"

"ዓዲላ ታውቃለች?"

"ማንም አያውቅም። አንቺም አታውቂም። አሥር ቀን አፍሽን ያዢልኝ። ማዪልኝ።"

ማልኩለት። ወድጄው ነበር፤ እሱም አያውቅም፣ አንቺም አታውቂም ነበር። በማግሥቱ አባትሽ ሊፈልጉት ወደ ደሴ በሚሄደው አውቶቡስ ሲሳፈሩ በር ላይ ቆሜ አየኋቸው። ጀባር ግን በሌላው በኩል፣ ሰንበቴ፣ የገበያውን ቀን ሲጠብቅ ሦስት ቀን ተቀምጧል። አፌን ብከፍት አባትሽ በአንድ ሰዓት ይደርሱበት ነበር። አሥሩ ቀን ሲያልፍ ደግሞ መናገሩ ምን ይጠቅማል አልኩ። ከዚያ አዲስ አበባ መጣን። ከዚያ እንደሚገባ መጻፍ አቃተኝ።

የጠየቅሽኝ ምክንያት ይኸው ነው።

አሁን ስለሚፈልገው ሰው። መዝገባችሁ ላይ ያለው የጠፉት ስም ነው። የሄደ ሰው ግን የራሱን ስም ምን ብሎ ይፈልጋል? እሱ የት እንዳለ ያውቃል። የሚፈልገው እናቱን ነው። የእናቶቹን ስም ግን የትም አልጻፍንም።

ከፈቀድሽ ለእትዬ መሪማ ገጽ እንክፈት። ካልፈቀድሽም ሥራውን አላቋርጥም።

ሔለን


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2003 ዓ.ም.

ዓዲላ፣

መልስ እንደማልጠብቅ አውቀሽ ይህን አንብቢ። ቃሲም ደብዳቤውን በእጅሽ እንደሰጠሽ ነግሮኛል። ደህና መሆንሽንም ነግሮኛል፤ ያ ይበቃኛል።

ዓፊያ ስለተገኘች የቀሩት ስልሳ ሁለቱ ገጾች አልቀዋል። "ከሚሴ የጠፋ ሰው" ሲባል አንደኛው ገጽ ላይ አራተኛ ነን። ለድርጅቱ የሚቀርበውን ሪፖርት አያይዣለሁ፤ ፈርመሽ ላኪው።

ሰውየው ባለፉት ሦስት ዓርቦች አልመጣም።

ሔለን


ከሚሴ፣ ግንቦት 20 ቀን 2003 ዓ.ም.

ሔለን፣

ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቴ ቀድጄዋለሁ። ይህ አራተኛው ነው።

አባቴ ደሴ ምን እንዳየ ታውቂያለሽ? በዚያ ሳምንት መኪና ተገልብጦ ሰው ሞቶ ነበር፤ የሬሳ ልብስ እየገለጠ የአራት ሰው ልጅ ፊት አይቶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሥጋ አይበላም ነበር። እስከሞተበት ቀን ድረስ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ወጥቶ ያይ ነበር። ይህን ሁሉ ስታዪ አጠገባችን ነበርሽ። እኔ በአንቺ ትከሻ ላይ አልቅሻለሁ፤ አንቺም አብረሽኝ አልቅሰሻል። እሱን እያሰብኩ ነው ሁለት ወር ሙሉ ያልጻፍኩልሽ።

ለእናቴ ላለመንገር ሞክሬ ነበር። አልሆነልኝም። የዐስርን ሶላት ሰግዳ ስትጨርስ ነገርኳት፤ ሁሉንም፣ ያንቺንም። ሰሌኑን ጠቅልላ አስቀመጠች።

"ልጅቷ ያኔ ስንት ዓመቷ ነበር?" አለች።

"ሃያ።"

"አንቺስ ሃያ ዓመትሽ እያለ ስንት ነገር ደብቀሽኛል?"

ይህን ብላ ሳቀችብኝ። ወላሂ ሳቀች! ቀጥላ "አሁን ወረቀት አምጪ። የጠፉት መሀል ግን አታስገቢኝ። እኔ ቤቴ ነኝ" አለችኝ።

ያለችውን እንዳለ ጻፍኩት፤ አንዲት ቃል እንዳትቀይሪ፦

"እኔ መሪማ ሰሌን ነኝ፤ የሙሄ ሚስት፣ የዓዲላና የአብዱልጀባር እናት። በሕይወት አለሁ። ከሚሴ ድሮ በነበርኩበት ቤት ነኝ። ልጄ፣ ስትመጣ እንዳይጠፋህ፦ በራችን ድሮ ወደ መንገዱ ነበር፣ አሁን ወደ መስጊዱ አዙረነዋል። ሾላው ተቆርጧል፤ በእሱ አትለይ። ከጥግ ያለው የአብዶ ሱቅ አሁን ፋርማሲ ነው። ከእሱ ሦስተኛው ቆርቆሮ በር። አባትህ በዘጠና ስምንት ዓ.ም. ሞቷል። ሲሞት ስምህን ጠርቶ መርቆሃል። እኔ ጆሮዬ ደህና ነው፤ ጉልበቴ ብቻ ነው። የዓዲላን ስልክ ከታች ትጽፍልሃለች።"

ይቅር ብያለሁ ብዬ አልጽፍልሽም፤ ገና እዚያ አልደረስኩም፣ አንቺንም አልዋሽም። ይህን ገጽ ግን ዛሬውኑ አውጪው።

ዓዲላ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 24 ቀን 2003 ዓ.ም.

ዓዲላዬ፣

ወጥቷል። አንዲት ቃል አልነካሁም። ርእሱን "መሪማ ሰሌን በሕይወት አሉ፣ ከሚሴ በቤታቸው ናቸው" አልኩት። ከስሩ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ እሱ በሚጽፈው አጻጻፍ ልክ ደገምኩት፤ ኦሮምኛውንም ጨመርኩ። ለሌሎቹ ስልሳ ሁለት ገጾችም ከዛሬ ጀምሮ የፈላጊዎቹን ስም እያስገባሁ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሁለቱን ቃል ጽፌ ፈለግኩ። አንደኛ ነን። የሚወዳደረን የለም፤ በዓለም ላይ "መሪማ ሰሌን" ብሎ የጻፈ ሌላ ሰው የለምና። የሚቀረው እሱ ተመልሶ መፈለጉ ብቻ ነው። በዚያ ላይ እኔ የምችለው ነገር የለም።

ስለ አባትሽ የጻፍሽውን ሁሉ አንብቤዋለሁ። 

ሔለን


ከሚሴ፣ ሰኔ 14 ቀን 2003 ዓ.ም.

ሔለንዬ፣ ነጋ ጅርታ?

ዓርብ ዕለት በስልክ የሰማሽው ጩኸቴን ብቻ ነው፤ "ምን ሆነ? ማን ሞተ?" እያልሽ ስታለቅሺ መስመሩ ተቆረጠ፤ "ማንም አልሞተም" የሚል መልእክት ብቻ ላክኩልሽ። አሁን በተራ ልንገርሽ።

ከጁምዓ በኋላ ነው፤ ቢሮ ሆኜ ከሀዲጃ ጋር እያወራሁ። ስልኬ ጠራ፤ ቁጥሩ ረጅም ነው።

"ይህ የማኅበሩ ነው?" አለ፤ የማላውቀው ወፍራም ድምፅ።

"አዎ። ማን ልበል?"

ስሙን አልነገረኝም፤ ያነበበውንም ያመነ አይመስልም። "እዚህ የተጻፈችው መሪማ ሰሌን... የቷ መሪማ ናት?"

"የሙሄዋ።"

"እሷ ሞታ አልነበረም እንዴ?"

"ማን አለህ?"

ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል። እኔም ያኔ አወቅኩት። "ጀባር?" ስለው እንደ ሕፃን ልጅ ተንሰቀሰቀ። ሀዲጃ ከእጄ ስልኩ እንዳይወድቅ ከሥር ያዘችልኝ።

ታሪኩ ይህ ነው። በዘጠና ስድስት ዓ.ም. ጂዛን ያገኘው የአገራችን ሰው "መሪማ ሞታለች፤ በልጇ ናፍቆት ነው የሞተችው" ብሎ ነገረው። የሞተችው ሌላዋ መሪማ ነበረች፤ ጎረቤታችን። ጀባር ግን እሱ የገደላት መሰለው። "በምን ፊቴ ልደውልልሽ ነበር?" አለኝ። ታኅሣሥ ላይ አንድ የኮምቦልቻ ሰው ቤት ሰሌን ላይ ተቀምጦ "አምና ከሚሴ ከመሪማ ነው የገዛነው" ሲሉት ልቡ ተነሣ። ከዚያ ጀምሮ በየዓርቡ፣ ሥራ የማይገባበት ቀን ስለሆነ፣ ኢንተርኔት ቤት ይገባል። በሚያዝያ ያቆመው ተስፋ ቆርጦ ነው። በዚያ ዓርብ ለምን ተመልሶ እንደገባ ስጠይቀው "እኔ እንጃ፤ ዝናብ ነበር፣ ልጠለል ገባሁ" አለ።

ሮጬ ቤት ገባሁ። ጫማዬ የት እንደቀረ አላውቅም። ስልኩን እናቴ ጆሮ ላይ አደረግኩላት። ምን እንደምትለው ለአሥራ ሁለት ዓመት ስታዘጋጅ ኖራለች፤ እኔ አውቃለሁ፣ ስታወራ እሰማት ነበር። ግን "እማ" ሲላት ያ ሁሉ ጠፋባት።

"ድምፅህ ጎርንኗል። ጉንፋን ይዞሃል?" አለችው።

"አይ እማ፣ ሠላሳ ዓመቴ እኮ ነው።"

ጆሮዋን ወደ ስልኩ አስጠጋች። "እስቲ አሁንም አውራ። ልልመደው" አለችው።

አወራላት። ስልኩ ባትሪው እስኪያልቅ አወራላት።

የመኖሪያ ወረቀት የለውም፤ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ከዒድ በኋላ ይሞክራል፣ ኢንሻአላህ። ሚስት አለው፣ የባቲ ልጅ ናት። አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፤ ስሙ ሙሄ ነው። በአባታችን ስም ነው የጠራው።

ድርጅቱ ሪፖርቱን አይቶ ድረ ገጹን ለሁለት ዓመት አራዝሞታል። ሀዲጃ ደግሞ ከእኔ ቤት አልወጣ ብላለች፤ "የኔንም ስም በትልቁ ጻፊው" ትለኛለች። ከነገ ጀምሮ የእሷን ገጽ እንደገና እንጽፋለን።

ጀባር ማን እንደጻፈው ጠየቀኝ። እናታችን ናት፣ ያወጣችው ሔለን ናት አልኩት፤ ምስጢሩን እንደነገርሽኝም ጨመርኩለት። እሱም "ያቺን ልጅ አትቆጪያት፤ እኔ ነኝ ያስማልኳት። ትናገራለች ብዬ ሦስቱንም ቀን ሰንበቴ ላይ መንገዱን ስመለከት ነበር። ብትናገር ደስ የሚለኝም ቀን ነበር፤ ግን የእሷ ጥፋት አይደለም" አለኝ። ይህን ልደብቅሽ አሰብኩና ተውኩት። በመሀላችን የተደበቀ ነገር ከእንግዲህ አይኑር።

እኔም ሔለን፣ ይቅር ብዬሻለሁ። ከዓርብ ወዲህ ደውዬ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን የስልክ ቃል ይረሳል፤ ልብሽ በከፋው ጊዜ እያወጣሽ እንድታነቢው በወረቀት ይሁን አልኩ።

ዓዲላ